ጄሶው ከተፈታ በኋላ

ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ በተዘረጋው የስማዳ ወረዳ አንድ አራሽ ከገደል ወድቆ ጭኑ ቢሰበር፣ መጀመሪያ ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ያወጣዋል። ከዚያ የወረዳው ከተማ ወደሆነችው ወገዳ ይደርሳል፤ ከወገዳ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ደብረ ታቦር፣ ካልሆነም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይሄዳል። ከቀናው አጥንቱ በብረት ይታሰርለታል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ በራጅ ሲታይም ስብራቱ ገጥሟል። ቀዶ ሐኪሙ የድርሻውን ጨርሷል፤ በመዝገብም ላይ “ድኖ ወጣ” ተብሎ ይጻፋል። ሰውዬው ግን አገሩ ሲገባ ጉልበቱ እንደ ችካል ደርቆ አልታጠፍ ይለዋል፤ የጭኑ ሥጋ ሟሽሿል። ሜዳ ላይ መጸዳዳት፣ ቁልቁለት መውረድ፣ በሬ ጠምዶ ትልም መከተል አቅቶት ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። አጥንቱ ድኗል፤ ኑሮው ግን እንደተሰበረ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የተሃድሶ ሕክምና ነው። ይህ ሕክምና ውጤት የሚያመጣው የሠለጠነ ሰው በሽተኛው በሚኖርበት አካባቢ ደጋግሞ ሲከታተለው እንደሆነ ጥናቶች ይጠቁማሉ። እንግዲያው ባለሙያውንም ማሠልጠን፣ ምርምሩንም መሥራት ያለብን በከተማ ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ሳይሆን እንደ ወገዳ ባሉ ቦታዎች ነው።

ተሃድሶ ስንል በአንድ ሰው የሚሠራ አንድ ሙያ ማለታችን አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቱ መገጣጠሚያ እንዲታጠፍ፣ ጡንቻ እንዲጠነክር፣ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲራመድ ያደርጋል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ደግሞ መልበስን፣ መታጠብን፣ ማብሰልን፣ ወደ ሥራ መመለስን ያስተምራል፤ ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ ባይመለስ እንኳ ቤቱና መሣሪያው ለሰውዬው እንዲመቹ ያስተካክላል። ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ የሚሠራው ባለሙያ ሌላ ነው፤ የንግግርና የመዋጥ ችግርን የሚያክመውም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ከተሃድሶ ሕክምና ሊጠቀሙ የሚችሉ የጤና እክሎች አሉባቸው። በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ 10 የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ አይደርስም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ተሃድሶ የማንኛውም ጤና ሥርዓት አካል እንዲሆን የሚጠይቅ ውሳኔ ያሳለፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ከመነሻው ሕክምናን፣ ተሃድሶንና ሥልጠናን አንድ ላይ ይዞ ነበር። የሥጋ ደዌ መድኃኒት ተህዋሲያኑን ይገድላል፤ ቀድሞ የተጎዳውን ነርቭ ግን አይመልስም። ጣቶቹ የተኮራመቱበትን ሰው እጅ ለመመለስ ቀዶ ሐኪሙ ጤነኛውን ጅማት ከቦታው አንሥቶ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው በዚያ ጅማት ጣቱን ማዘዝ እንደገና መማር አለበት፤ አስተማሪ ከሌለው ቀዶ ሕክምናው ከንቱ ድካም ሆኖ ይቀራል። በሰው ሠራሽ እግር በኩልም ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በባሕር ዳርና በደሴ ያሉትን የመሰሉ የአካል ተሃድሶ ማዕከላትን ሲደግፍ ቆይቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ በአገሪቱ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በገባው የ10 ዓመት ስምምነት መምህራኑን ለከፍተኛ ትምህርት ልኳል፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪም ከፍቷል። ስለዚህ ጥያቄው ማሠልጠን እንችላለን ወይስ አንችልም አይደለም። የት እናሠልጥን፣ ምን እንዲማሩ እናድርግ፣ ምንስ እንመራመር የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ከሕክምናው ውስጥ የትኛው ነገር እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ተሃድሶ ሲባል የሚታየው በማሽን የተሞላ አዳራሽ ነው። ይህን እሳቤ የፈተነ አንድ ትልቅ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በስትሮክ ምክንያት የመራመድ ችግር ያጋጠማቸውን 408 ሰዎች በዕጣ መደቧቸው። የተወሰኑት ሰውነታቸው ከላይ በማሰሪያ ተደግፎ በመሮጫ ማሽን ላይ እንዲራመዱ ተደረገ፤ ሌሎቹን ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ቤታቸው ድረስ እየሄደ ጉልበትንና ሚዛንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሠራቸው። በዓመቱ ሲለኩ ከሁሉም ተሳታፊዎች 52 በመቶው በአካሄዳቸው ተሻሽለዋል፤ በማሽኑና በቤት ውስጥ ሕክምናው መካከል ግን ልዩነት አልታየም። ለሀብታም አገር ይህ ወጪ የሚቀንስ ዜና ነው። ለእኛ ከዚያ ይበልጣል፤ ወገዳ ላይ ያ ማሽን የለም፣ ቢመጣም መብራትና መለዋወጫ ይጠይቃል፣ ወንበር፣ ግድግዳና ደጃፍ ግን በየቤቱ አለ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ “ማሽኑ ካላስፈለገ ባለሙያውስ ለምን ያስፈልጋል? ለቤተሰቡ አሳይቶ መላክ አይበቃም?” ሊል ይችላል። በገጠራችን በሽተኛን የሚያስታምም ዘመድና ጎረቤት ስለማይጠፋ ሐሳቡ ሚዛን ይደፋል። ሕንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 የስትሮክ ሕሙማንን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ያነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር። ለገሚሶቹ የቤተሰብ አባል ሆስፒታል ውስጥ ሠልጥኖ ተሃድሶውን ቤት ውስጥ እንዲቀጥል ተደረገ፤ ሌሎቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። በ6ኛው ወር ከሁለቱም ወገን 47 በመቶው ሞተዋል ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ሆነዋል። ለአጭር ጊዜ የሠለጠነ አስታማሚ፣ ፍቅሩ ቢበዛም፣ ብቻውን ውጤቱን አልለወጠም። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ስናነብ ሥዕሉ ይጠራል። ቤት ውስጥ መሆኑ ሕክምናውን አላዳከመውም፤ ጉድለት የመጣው ባለሙያው እየተመላለሰ ሳያይ፣ ሳያርምና ሳይጨምር ሲቀር ይመስላል። አገሮቹና ሕሙማኑ ስለሚለያዩ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ የኛን መልስ እዚሁ ፈትነን ማግኘት ያለብንም ለዚህ ነው።

ቤተሰብ ምን ይስታል የሚለውን በቅርብ ለማየት ግራ ጎኑ የሰለለበትን ሰው ከመደብ ላይ ማንሣትን እንውሰድ። አስታማሚው ቀረብ ብሎ የሚይዘው የተንጠለጠለውን እጅ ነው፤ ይዞም ይጎትተዋል። ጤነኛ ትከሻ በዙሪያው ባሉ ጡንቻዎች ስለሚያዝ ጉተታውን ይችላል። የሰለለ ትከሻ ግን ያዡ ስለላላ ከጎድጓዳው ወረድ ይላል፣ ጅማቱ ይሳባል። በሳምንታት ውስጥ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ሲያመው እጁን አያነቃንቅም፣ ሳያነቃንቅ ሲቀር ይደርቃል። ትክክለኛው አያያዝ አንድ እጅን ከትከሻው አጥንት ጀርባ፣ ሌላውን ከዳሌው አድርጎ በጎን ማዞርና እግሩን ከመደቡ አውርዶ ማስቀመጥ ነው። ይህን ማሳየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ሳምንት በትክክል ይሠሩት እንደሆነ ማየት፣ ሕመም ካለ ማስተካከል፣ ሲሻለው ደግሞ ወደ መቆም ማሸጋገር ግን ተመልሶ የሚመጣ ሰው ይፈልጋል።

ሌላው የምርምር ትምህርት፣ በጎ ፈቃድና የተለመደ ግምት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ቶሎ ከአልጋ ቢነሣና ብዙ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል የሚለው ግምት ለዓመታት በባለሙያዎችም ዘንድ የታመነ ነበር። በ5 አገሮች በ56 ማዕከላት 2,104 ሰዎችን የያዘው እ.ኤ.አ. የ2015 ጥናት ሲፈትነው ግን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ተነሥተው በብዛት እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት ጥሩ ውጤት ያገኙት 46 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ደግሞ 50 በመቶ ሆኑ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ሠርቷል፤ ግን “ቀስ” ስንት ደቂቃ ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው ለሚለው መልስ የሰጠው ልኬት ነው። በምርምር ያልሠለጠነ ተማሪ መምህሩ ያሳየውን ዕድሜ ልኩን ይደግማል፤ የሠለጠነው ግን ሥራውን ይለካል፣ ሳይጠቅም ሲያገኘውም ይተወዋል።

በገጠሩ የአማራ ክልል ደግሞ ከማንም በፊት ስብራት የሚያየው ወጌሻ ነው። የብዙ ሰው አጥንት በወጌሻ እጅ ገጥሟል፤ ክፉው ነገር የሚመጣው ቀርከሃው ወይም ሸንበቆው ጠብቆ ሲታሰርና እብጠቱ ሲጨምር ማሰሪያው ሳይላላ ሲቀር ነው። ደም መዘዋወሩ ይቋረጣል፣ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፣ መጨረሻው እጅ ወይም እግር መቆረጥ ይሆናል። ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር መቀነሱን አሳይተዋል። የዚህ ጥናት ትርጉም ሰፊ ነው። ያስፈለገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ጣት መቼ እንደሚቀዘቅዝ፣ መቼ እንደሚደነዝዝ፣ ማሰሪያ መቼ መላላት እንዳለበት የሚያስረዳ ሰው ነው። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ተቀምጦ የቆጠረ ሐኪም ባይኖር ደግሞ ጥቅሙን ማንም ባላወቀው ነበር። ከወጌሻ ጋር መነጋገር የሚችል፣ ንቀትም አጉል ውዳሴም የማያበዛ የተሃድሶ ባለሙያ የሚወጣው ወጌሻው ካለበት አገር ሲማር ነው።

ይህ ሐሳብ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አደራጅቶ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የቡድን ሥልጠና የሚባለው ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪ ቋሚ ወንበር ሊኖረው ይገባል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ በመሐል መደገፊያ ሆነው በወገዳ፣ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስና በጋይንቷ ንፋስ መውጫ ያሉት ሆስፒታሎች የመለማመጃ ጣቢያ ቢሆኑ፣ ተማሪው በትልቅ ሆስፒታል የማያገኘውን ይማራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያን በገጠር ለማቆየት ከሚመክራቸው ነገሮች ዋናዎቹ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን መቀበልና በትምህርት ዘመናቸው በገጠር ማለማመድ ናቸው። ከጋይንት የወጣች ልጅ ጎንደር ተምራ ጋይንት ብትለማመድ፣ ጋይንት የመቅረቷ ዕድል ይሰፋል።

ተማሪው እዚያ የሚማረውን በአንድ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውና እስካሁን በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የባርቴል መለኪያ በ10 ጥያቄዎች ሰው ራሱን ምን ያህል እንደቻለ ከ100 ይለካል፤ አንዱ ጥያቄ ደረጃ መውጣትና መውረድ ነው። በስማዳ ደረጃ ያለው ቤት ከየት ይመጣል? ከምንጭ እስከ ደጃፍ ያለው ዳገት ግን የዕለት ፈተና ነው። ጀሪካን አዝሎ መውጣት፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ ዝቅ ብሎ ምጣድ ማሰስ፣ ሞፈር ተሸክሞ ማሳ መድረስ፣ ለጸሎት መስገድ፤ ሰው “ድኛለሁ” የሚለው እነዚህን ሲያደርግ ነው። ሰንጠረዡን ሞልቶ 95 ያገኘ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊውል ይችላል። የኛን ሰው ኑሮ የሚመዝን መለኪያ ማዘጋጀት፣ በተለያዩ መርማሪዎች እጅ ተመሳሳይ ውጤት መስጠቱን መፈተን የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን የሚችል እውነተኛ ምርምር ነው። የሚጠይቀውም የእጅ ስልክ ሰዓት፣ 10 ሜትር የተለካ ገመድና ታማኝ መዝገብ ነው።

የክትትል ነገር ደግሞ በሕፃናት ቆልማማ እግር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ1,000 ልጆች አንዱ ያህል እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ይወለዳል። በሐኪሙ በፖንሴቲ ስም የሚጠራው ሕክምና እግሩን በየሳምንቱ በእጅ ቀስ እያሉ አቅንቶ ከጣት እስከ ጭን ጄሶ ማድረግ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ጄሶ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፣ ከዚያ ለብዙዎቹ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ይላላል። እናት ይህን ስታይ ልጇ እንደዳነ ታምናለች። እግሩ ግን ወደ ነበረበት መመለስ ይቀናዋል። ስለዚህ በብረት የተያያዙ ሁለት ጫማዎችን ለ3 ወር ሙሉ ቀን ለማለት በሚቻል ደረጃ፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ በእንቅልፍ ጊዜ ማድረግ አለበት። ልጁ ያለቅሳል፣ ጫማው ይጠብበታል፣ ከተማ ሩቅ ነው፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያልቃል፤ ጫማው ግድግዳ ላይ ይሰቀላልና እግሩ ይመለሳል። ሕክምናው የሚፈርሰው ቤት ውስጥ ነው። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጫማውን አይታ ለወገዳ የምትደውልበት፣ ወገዳ ያለው ባለሙያም ጫማ የሚቀይርበት ሥርዓት ቢኖር እናቲቱ ባሕር ዳር ድረስ ባልተጓዘች።

ከባዱ ተቃውሞ የቅድሚያ ጉዳይ ነው። ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች (ላይና ታች ጋይንት) ድርቅ የሚፈራረቅባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ መድኃኒት በሚያልቅበት፣ አምቡላንስ ነዳጅ በሚያጣበት አገር ስለ ጉልበት መታጠፍ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ተሃድሶ የተነፈገ ስብራት የሚበላው ያንኑ እህል ነው። አራሽ ሲቀመጥ ማሳው ለሌላ ይሄዳል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ አስታማሚ ትሆናለች፣ ቤተሰቡም ተረጂ ይሆናል። መንግሥት ለቀዶ ሕክምናው ያወጣው ገንዘብም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ የደረሰው ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ክልሉን የናጠው ግጭት የቆሰለውንና አካሉ የጎደለውን ሰው ቁጥር ጨምሯል። ለእነዚህ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር መስጠት ጅማሬው ነው፤ የተቆረጠው ቦታ ሲሟሽሽ ማቀፊያው መቀየር፣ ሰውየውም በዳገት መራመድን መለማመድ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው፦ ተማሪን ወደ ድሃ ገበሬ መላክ በድሃው ላይ መለማመድ አይሆንም? ይሆናል፤ መምህር ሳይኖር ከተላከ። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው በወገዳ የሚኖር ቢያንስ አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ነው፤ እሱ በሌለበት ተማሪ መላክ የለበትም። ምርምሩም እንደዚሁ። መጠይቅ አስሞልቶ የሚጠፋ ተመራማሪ የገጠሩን ሰው አሰልችቷል፤ ሕክምና ሳይሰጥ ችግር ብቻ የሚቆጥር ጥናት ፈቃድ ባያገኝ ይሻላል። ሦስተኛው የሥራ መደብ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒስትና የኦኩፔሽናል ቴራፒስት መደብ በበጀት ካልተያዘ ተመራቂው ወደ ከተማ ወይም ወደ ውጭ መሄዱ አይቀርም፤ ሥልጠናና መደብ በአንድ ውሳኔ ካልታሰሩ ገንዘቡ ባክኗል። የጸጥታው ነገርም ቀላል አይደለም፤ መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ተማሪን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። ይህ ግን ሥራውን ከደብረ ታቦር ለመጀመርና መንገዱ ሲረጋ ለማስፋት ምክንያት ይሁን እንጂ ሐሳቡን ለመተው ሰበብ መሆን የለበትም።

ታዲያ ይህን መሰል ፕሮግራም የምንመዝነው በምንድን ነው? እስካሁን የለመድነው የተመራቂ ብዛት፣ የተገዛ ማሽንና የታተመ ጽሑፍ መቁጠር ነው። ከላይ ያየናቸው ጥናቶች የሚያስተምሩት ሌላ ሚዛን ነው። ከሆስፒታል የወጣው የስማዳ ሰው በ6ኛው ወር ውኃ ይቀዳል ወይ? ያርሳል ወይ? ምንም ባያርስ ራሱን ችሎ ይጸዳዳል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ታካሚ ጠይቆ መልሱን የሚመዘግብ ሆስፒታል ምርምሩን ጀምሯል ማለት ነው። መልሱ “አይ” ሲሆን ምክንያቱን የሚፈልግ ተማሪም ትምህርቱን ጀምሯል። “ድኖ ወጣ” ተብሎ የሚዘጋው መዝገብ ከዚህ በኋላ የ6 ወር ቀጠሮ ይጨመርበት፤ የዩኒቨርሲቲው ዲግሪም፣ የጤና ቢሮው በጀትም በዚያ ቀጠሮ ላይ በሚገኘው መልስ ይመዘኑ።